ለደካማ ኔትወርክና ለርካሽ ስልክ የሚሆን የዌብ ኮርስ እንዴት ይሠራል?

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ዳር ባሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለሚያስተምሩ አሰልጣኞች ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ወይም በወዲያኛው ጫፍ ለገጣፎና ቡራዩ ሁኑ፣ ነገሩ ያው ነው። ዲፓርትመንቱ "የዌብ ዴቨሎፕመንት ኮርሱን ኦንላይን አድርጉት" ይላል። እንዴት የሚለውን ግን ማንም አይነግራችሁም። አብዛኛው ሰው ፓወርፖይንቱን ፒዲኤፍ አድርጎ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይወረውራል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ "ይሄ ልጅ እኮ አያነብም" ብሎ ያማርራል። ማን ያነበዋል? ለፕሮጀክተር የተሠራ ስላይድ፣ በትንሽ ስልክ፣ ያውም ፊደሉን በሁለት ጣት እየለጠጡ።

የኔ ቅደም ተከተል ከተለመደው ይለያል። ሰው ሁሉ "ሙድል እንጫን ወይስ ጎግል ክላስሩም?" ከሚለው፣ ማለትም የኮርስ ማስቀመጫ ሶፍትዌር ከመምረጥ ይነሳል። እኔ እሱን ወደ መጨረሻ እገፋዋለሁ። መጀመሪያ ተማሪው ኮርሱ ሲያልቅ ምን ሠርቶ እንደሚያሳይ፣ እንዲሁም በእጁ ያለው ስልክ ምን እንደሚችል ይታወቅ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ ይመጣል።

1. ተማሪውን በወረቀት ጠይቁት

በወረቀት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጎግል ፎርም ከላካችሁ የሚመልስላችሁ ዳታ ያለው ተማሪ ነው። የሌለው ፎርሙንም አያየውም፤ እናንተም መልሱን አይታችሁ ሁሉም ኢንተርኔት አለው ብላችሁ ትሸወዳላችሁ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ስልክህ ምንድን ነው? አንድሮይዱ ስንት ነው? ስንት ጊጋ ባዶ ቦታ አለህ? ቤት ኮምፒውተር አለ? ፓኬጅ የምትገዛው የቀን ነው፣ የሳምንት ወይስ የወር? ከኮሌጅ ወጥተህ ቤት የምትገባው ስንት ሰዓት ነው?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ የኮርሱን ቅርጽ የምትወስነው ግን እሷ ናት። ከሰዓት ትምህርት ጨርሶ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ታክሲ የሚሰለፍ ልጅ ቤቱ የሚገባው መሽቶ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ቀን አለቀ። ሰልፉ ላይ ቆሞ ግን ስልኩን ማየቱ አይቀርም። ስለዚህ ንባቡን ለሰልፉ፣ ኮድ መጻፉን ለላብ አዘጋጁ። "እያነበብክ እየጻፍክ ተከተለኝ" የሚል ትምህርት ላፕቶፕ ለሌለው ተማሪ አይሆንም። አኮድ የሚባል የአንድሮይድ ኮድ መጻፊያ አለ፤ ኤችቲኤምኤል (የገጹን ይዘት) እና ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ) ጽፎ ውጤቱን እዚያው ማየት ይቻላል። ለአጭር ልምምድ ጥሩ ነው። ለረጅም ሥራ ግን በስልክ ኪቦርድ ቅንፍ መፈለግ ቅጣት ነው።

2. የመጨረሻውን ሥራ ምረጡ

"ተማሪው የዌብን ምንነት ይረዳል" ብሎ ዓላማ መጻፍ ቀላል ነው። መረዳቱን በምን ታውቃላችሁ? በሙያ ሥልጠና ውስጥ ላለ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኦፕሬሽን ሺቱም (የተግባር መመሪያው) ላፕ ቴስቱም (የተግባር ፈተናው) "ሠርቶ ያሳይ" በሚል የተሠሩ ናቸው። ኦንላይን ሲባል ነው እሱን ረስተን ወደ ኖት ማደል የምንመለሰው።

እውነተኛ ሥራ ይሁን፤ ከሰፈሩ የወጣ። ኮንዶሚኒየም በበዛበት አካባቢ ቁልፍ የተረከበ ሰው ሁሉ የኪችን ካቢኔት ሠሪ ይፈልጋል። እንግዲህ የአንድ ካቢኔት ቤት ገጽ እንሥራ እንበል። ገጹ ላይ ምን ይኖራል? የቤቱ ስም፣ የተሠሩ ሥራዎች ፎቶ፣ የአንድ ሜትር ዋጋ፣ ሲነካ በቀጥታ የሚደውል ስልክ ቁጥር። የመንገድ ቁጥር ብሎ ነገር ስለሌለ አቅጣጫው በምልክት ይጻፋል፤ ከአደባባዩ ወደ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት። መጨረሻ ላይ ደንበኛው የግድግዳውን ርዝመት ሲያስገባ ግምታዊ ዋጋ የሚነግር ሒሳብ ማሽን።

አሁን ወደ ኋላ ተመለሱ። ለፎቶው የምስል ታግ (ለብራውዘሩ ምን እንደሚያሳይ የሚነግር የኤችቲኤምኤል ምልክት) እና የፋይል አድራሻ ያስፈልጋል። ለስልኩ ሊንክ። በስልክ ስክሪን ላይ ፎቶዎቹ እንዳይጋፉ ሲኤስኤስ። ለሒሳቡ ጃቫስክሪፕት። የትምህርቱ ዝርዝር እንዲህ ነው የሚወጣው። ገጹ የማይፈልገውን ነገር ሁሉ ለጊዜው ተዉት።

የዲፓርትመንት ኃላፊው ግን የሙያ ደረጃውን፣ ማለትም ሥልጠናው ሊያሟላ የሚገባውን መስፈርት፣ መጠየቁ አይቀርም። አንድ ሠንጠረዥ ሥሩለት፤ በአንድ በኩል የገጹ ክፍሎች፣ በሌላ በኩል የሙያ ደረጃው ሌርኒንግ አውትካሞች (ተማሪው እንዲችላቸው የሚጠበቁት ነገሮች)። ያልተነካ ካለ ለእሱ ትንሽ ሥራ ጨምሩ። በቃ።

3. ሳምንቶቹን ደርድሩ፣ ግን ቶሎ አሳትሙ

12 ሳምንት ካላችሁ ለኤችቲኤምኤል 3፣ ለሲኤስኤስ 4፣ ለጃቫስክሪፕት 4 ስጡ፤ አንዱን ለተንጠባጠበው አስቀሩት፤ መብራትና በዓል ይበሉታል። ሪአክት የሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ውስጥ አትግቡ። ፕሮጀክት ለመጀመር ብቻ የሚወርደው የፋይል መዓት ለአንድ ልጅ ፓኬጅ ከባድ ነው።

በ2ኛው ሳምንት ግን ገጹ፣ ምንም ያህል አስቀያሚ ቢሆን፣ ኢንተርኔት ላይ ይውጣ። ገጽን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ጊትሃብ ፔጅስ ለእንዲህ ዓይነቱ ገጽ ነፃ ነው። ልጁ ሊንኩን ለእናቱ ልኮ ስልኳ ላይ ሲከፈት ያያል፤ ከዚያ በኋላ ለምን እንደሚማር ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ሌላም ጥቅም አለው። ሲወጣ የሚበላሹት ነገሮች ቶሎ ይታያሉ።

የሚበላሹት ደግሞ ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። አንደኛ፣ ኖትፓድ ላይ የጻፈው ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ ቲኤክስቲ ተጨምሮበት ይቀመጣል፤ ዊንዶውስ ደግሞ የስሙን ጅራት ስለሚደብቅ ልጁ አያየውም። ላብ ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ጅራቱ እንዲታይ አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ሁለተኛ፣ የፎቶው አድራሻ ከሲ ድራይቭ ጀምሮ ይጻፋል። በራሱ ማሽን ላይ ይታያል፣ በሌላ ሰው ላይ ግን ባዶ ሳጥን ነው። ሦስተኛው ራስ ምታት ነው፤ የፋይሉ ስም በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ጀምሮ ኮዱ ውስጥ በትንሹ ከተጻፈ ዊንዶውስ ችላ ብሎ ያሳየዋል፣ ጊትሃብ ላይ ግን ፎቶው የለም። ደንቡ አጭር ይሁን፤ የፋይል ስም ሁሉ በትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ።

4. የአንድ ትምህርት ውስጡ

እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ። ኮርስ የሚወድቀው እዚህ ነውና አንዱን ትምህርት ከነአንጀቱ ላሳያችሁ። 9ኛ ሳምንት፣ የዋጋ ማሽኑ።

መግቢያው ላይ ካለፉት ሳምንታት ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አስቀምጡ። መልሱ ተደብቆ ሲነካ የሚከፈት ይሁን፤ ዲቴይልስና ሰመሪ የሚባሉት ታጎች ያለ ምንም ጃቫስክሪፕት ይህን ያደርጋሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎች ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ከሳምንት በኋላ ብዙ አስታውሰው ተገኝተዋል። ለእኛ ደግሞ በነፃ የሚገኝ ዘዴ ነው፤ ዳታ አይበላም።

ቀጥሎ ችግሩን ጣሉት። ደንበኛው የአንዱን ግድግዳ 3 ሜትር፣ የሌላውን 2 ሜትር ብሎ አስገባ። ገጹ "ጠቅላላ 32 ሜትር" አለ። የ32 ሜትር ካቢኔት ዋጋ ሲያይ ደንበኛው ስልኩን ዘግቶ ይሄዳል። ለምን 32 ሆነ? ማብራሪያውን ወዲያው አትስጡ። ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ይገምት።

ከዚያ ማብራሪያው፣ ከ150 ቃል ሳይበልጥ። ከመሙያ ሳጥኑ የሚመጣው ነገር ቁጥር ቢመስልም ለጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ነው። የመደመር ምልክቱ ጽሑፍ ሲያገኝ ያጣብቃል፤ 3 እና 2 ተጣብቀው 32። ማባዛት ላይ ግን ራሱ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ለዚህ ነው አንድ ግድግዳ ብቻ የነበረው ያለፈው ሳምንት ማሽን በትክክል ሲሠራ የቆየው። መፍትሔው ከመደመር በፊት ነምበር በሚባለው ፈንክሽን ማሳለፍ ነው። ብሬንደን አይክ የዚህን ቋንቋ የመጀመሪያ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው በ10 ቀን ነው፤ ጠባዩ ግራ ሲያጋባችሁ ይህን አስቡ።

ማብራሪያው ካለቀ ሙሉ ሆኖ የተሠራ ምሳሌ ይምጣ። ከሥሩ ያው ምሳሌ አንድ መስመር ጎድሎት። ከሥሩ ደግሞ ጥያቄው ብቻ። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ስዌለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ጀማሪ ባዶ ገጽ ከሚሰጡት የተሠራ ምሳሌ እያየ ቢጀምር ይሻለዋል፣ አእምሮው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ትንሽ ነውና። መጨረሻ ላይ የራሱን ገጽ ያስተካክላል፣ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ይልካል። እስካሁን ያለው ሰልፍ ላይ በስልክ ይነበባል፤ ይቺ የመጨረሻዋ ብቻ ላብ ትፈልጋለች።

5. ክብደቱን ቀንሱ

አማርኛ ፊደል ዌብ ላይ በተለመደው የፊደል አቀማመጥ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ሲቀመጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። እንዲያም ሆኖ የ1000 ቃል ትምህርት 20 ኪሎባይት አይሞላም። ጽሑፍ ማለት ነፃ ማለት ይቻላል። ከስልክ የወጣ ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ 3 እና 4 ሜጋባይት ነው፤ ስፋቱን ወደ 800 ፒክስል አውርዳችሁ ዌብፒ ወደሚባለው የፎቶ ዓይነት ብትቀይሩት አብዛኛው ከ100 ኪሎባይት በታች ይወርዳል። ድምፅ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ቢቀመጥ 5 ደቂቃው 1.2 ሜጋባይት ነው፤ ለንግግር ይበቃል። ቪዲዮ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ከሆነ ግን 10 ደቂቃው ከ110 ሜጋባይት ያልፋል።

ስለዚህ ቪዲዮ የግድ ሲሆን ብቻ። የግድ የሚሆነው እጅ ሲንቀሳቀስ መታየት ሲኖርበት ነው፤ ለምሳሌ ፋይል ወደ ጊትሃብ እንዴት እንደሚጫን። ያኔም አጭር ይሁን። ተመራማሪው ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ኤድኤክስ በሚባለው የኦንላይን ኮርስ ድረ ገጽ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን አጥንተው ከ6 ደቂቃ በላይ ሲሄድ ተመልካቹ እንደሚሸሽ አይተዋል። ያውም ደህና ኢንተርኔት ይዘው። ስትቀርጹ የኮድ መጻፊያውን የቪኤስ ኮድን ፊደል አሳድጉ፤ በኮምፒውተር የሚነበበው ኮድ በስልክ የጉንዳን ሰልፍ ነው።

የሳምንቱን ፋይል ከምሽቱ በፊት ልቀቁት። የሌሊት ፓኬጅ የሚገዛው ልጅ ያን ጊዜ ያወርዳል።

6. አማርኛውን አስተካክሉ

የድሮ ኖታችሁ ዩኒኮድ (ለሁሉም ቋንቋ ፊደላት የወጣው የኮምፒውተር ቁጥር አሰጣጥ) ባልሆነ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ዌብ ላይ ስትለጥፉት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ይወጣል። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት በአሮጌው ፎንት ስንጽፍ ኖረናል። እንዲህ ያለውን ሰነድ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ ካልሆነም እንደገና ጻፉት፤ የአማርኛ መጻፊያው ኪማን በነፃ ይገኛል። ገጹ ራስጌ ላይ ቻርሴቱን (የፊደል አቀማመጡን) ዩቲኤፍ-8፣ ቋንቋውን አማርኛ ብላችሁ ግለጹ። የመስመር ርቀቱን 1.6 ወይም 1.7 አድርጉት፤ ፊደላችን ከላይም ከታችም ስለሚሞላ በእንግሊዝኛው ርቀት ይታፈናል። አይታሊክ አትጠቀሙ፣ ያጋድለዋል እንጂ አያሳምረውም።

ታግና አትሪቢዩት የሚሉትን ስሞች ለመተርጎም አትድከሙ። ማብራሪያው አማርኛ ይሁን፣ ስሙ እንደተጠራ ይቅር፤ ልጁ ነገ ሥራ ቦታ የሚሰማው እሱን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው። ኩዊዝ ላይ "ባዶውን ሙላ" ብላችሁ መልሱን ኮምፒውተር እንዲያርም ካደረጋችሁ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠም፣ ጸ እና ፀም። "ጽሑፍ" ብሎ የሞላ ሲያገኝ "ፅሁፍ" ያለ ዜሮ ያገኛል፤ ከዚያ ቢሮአችሁ በር ላይ ሰልፍ ነው። ወይ ሁሉንም አጻጻፍ እንደ ትክክል መዝግቡ፣ ወይ ምርጫ አድርጉት። እኔ ምርጫውን እመርጣለሁ።

ሰዓቱም እንዲሁ። ሙድል የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ማስረከቢያውን 12፡00 ብላችሁ ከሞላችሁ እሱ የቀን 6 ሰዓት ነው፤ ልጁ ግን ማታ 12 ሰዓት ብሎ ይጠብቃል። የሰዓት ቀጠናውን አፍሪካ፣ አዲስ አበባ የሚለው ላይ አድርጉ፤ መመሪያው ላይም "ሐሙስ፣ ማታ 3 ሰዓት" ብላችሁ በቃላት ጻፉ።

7. አሁን የት ይቀመጥ?

ቴሌግራም ሁሉም ስልክ ላይ አለ፤ ለማስታወቂያና ለማደያ ይሁን። ፋይሎቹ በወሬ መሃል እንዳይሰምጡ ለትምህርቱ ቻናል፣ ለጥያቄ ግሩፕ ለዩ፤ የሳምንታቱን ዝርዝር የያዘ አንድ መልእክት ከላይ ፒን አድርጉ።

ትምህርቱ ራሱ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ይሁን። ሲኤስኤሱንም ፎቶውንም እዚያው ውስጥ ክተቱት፤ ፎቶን በቤዝ64 (ወደ ጽሑፍ ቀይሮ) መክተት መጠኑን በሲሶ ገደማ ይጨምራል፣ ግን ያዋጣል። አንድሮይድ ላይ ከፋይል ማኔጀር የተከፈተ ገጽ አጠገቡ ያሉትን ሌሎች ፋይሎች ብዙ ጊዜ አያገኛቸውም፤ ፎቶው የጠፋበት ልጅ ደግሞ ጥፋቱ የሱ ይመስለዋል። እንዲህ የተዘጋጀ ፋይል በብሉቱዝም በዜንደርም ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። ፍላሽ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ የላብ ፍላሽ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት አድርጎ የሚመልስ ቫይረስ አያጣውም።

ሙድል ለፈተናና ለውጤት ጥሩ ነው። ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ የጀመረው ሲሆን የመጀመሪያው ስሪት እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ፤ ነፃ ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ላብ ውስጥ አንድ ደህና ኮምፒውተር ላይ ጫኑት፤ ሌሎቹ ማሽኖች በኬብሉ በዚያ ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ ይገቡበታል። አልከፍት ካለ መጀመሪያ የዊንዶውስ ፋየርዎልን እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠ ሙድል ካላችሁ ደግሞ የስልኩ መተግበሪያ ኩዊዙን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያሠራል። ግን ኩዊዙ ሴቲንግ ላይ ከመስመር ውጭ መሥራትን መፍቀድ፣ የጊዜ ገደቡን ማንሳት፣ ውጤቱም መጨረሻ ላይ የሚታይ ማድረግ ይኖርባችኋል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ነፃ ነው፤ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ኮርስ አለው። ዳታና እንግሊዝኛ ላለው ልጅ ጠቁሙት። የእናንተን ኮርስ በሱ አትተኩ፤ እሱ የካቢኔት ቤቱን አያውቅም።

8. ምዘናው ፊት ለፊት ይሁን

ቤት የተሠራ ኮድ ከጓደኛም ከቻትጂፒቲም ሊመጣ ይችላል። ፖሊስ መሆን አያዋጣም። ተማሪዋ ገጿን ላብ ውስጥ ትክፈት፣ እናንተም ትንሽ ለውጥ ጠይቋት፤ "ስልክ ቁጥሩን ከፎቶዎቹ በላይ አውጪው"፣ "ሦስተኛ ግድግዳ ጨምሪበት"። ራሷ የጻፈችው ከሆነ የት ቦታ እንደሚነካ ታውቃለች። ያልጻፈችው ኮዱን ከላይ እስከ ታች እየወጣች እየወረደች ትቀራለች። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ክፍሉ ትልቅ ከሆነ በሁለት ቀን ክፈሉት።

9. ከመልቀቃችሁ በፊት ሞክሩት

የ1ኛውን ሳምንት ትምህርት ብቻ ሠርታችሁ፣ ሁሉንም ሳትጨርሱ፣ በወረቀቱ ላይ ደካማ ስልክ አለኝ ያሉ ሁለት ሦስት ልጆች ጋብዙ። በኮሌጁ ዋይፋይ እንዳይሆን፣ በራሳቸው ዳታ፤ ሒሳቡን እናንተ ሙሉላቸው። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ዝም በሉ። ማብራራት ያምራችኋል፤ አታብራሩ። የቆሙበትን፣ ወደ ላይ የተመለሱበትን፣ "ይሄ ምንድነው?" ያሉበትን ጻፉ። የሚስተካከለው እሱ ነው። ገጹ ሲከፈት ስንት ሰከንድ እንደፈጀም ያዙ።

ኮርሱ ከጀመረ በኋላ በየሳምንቱ አርብ ስንት ልጅ የስክሪን ፎቶ እንደላከ ቁጠሩ። ቁጥሩ በድንገት የወረደበት ሳምንት ላይ ትምህርቱ ከብዷል፣ ወይም መብራት አልነበረም። ጠይቁና ለዩ። ከብዶ ከሆነ ለሁለት ክፈሉት።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሙድሉን ባክአፕ አውርዳችሁ፣ ከትምህርቶቹ ፋይሎችና ከዚያ ሠንጠረዥ ጋር፣ ከላብ ኮምፒውተሩ ውጭ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ቅጂ በሚቀጥለው ዓመት ኮርሱን በሚረከበው አሰልጣኝ እጅ ይሁን።